የአጎት ልጅ መካኒክ አይደለም

ውጭ አገር ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለች አሮጌ ቮልስ የሚገዛ ሰው፣ መኪናዋን እንዲያይለት የሚልከው ማንን ነው? ወንድሙን። ወንድሙ ሥራ ከበዛበት የአጎቱን ልጅ። እሱም ካልተመቸው የሠፈር ጓደኛውን። ሙያተኛ ከፍሎ የሚልክ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገንዘቡ ይላካል፤ ቮልሷ ግቢ ትገባለች፤ ፎቶዋ ለቤተሰብ ይበተናል። ባለቤቷ ለገና ወይም ለፋሲካ ሲመጣ ወለሏ በስቷል፣ ሞተሯ ዘይት ይተፋል፣ ሊብሬው ደግሞ በማያውቀው ሰው ስም ነው። ወዲያው «ደላላ በላኝ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ከሥሩም የአስተያየት ጎርፍ፦ «እነዚህ ደላሎች አገሩን ጨረሱት!» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኔ ዛሬ የምሟገተው ከደላላው ጋር አይደለም። ከገዢው ጋር ነው። ሳያዩ መግዛት በራሱ ጥፋት አይመስለኝም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው ለአንድ መኪና ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ይቁረጥ አልልም። ጥፋቱ ለሚያይለት ዓይን አለመክፈሉ ነው። ለሚያገናኘን ሰው በተለምዶ 2 በመቶ እንከፍላለን። መኪናዋ ሥር ተኝቶ ለሚመረምርልን ሰው ግን አምስት ሳንቲም አንመድብም። ያን ሥራ ዘመድ በነፃ እንዲሠራልን እንጠብቃለን። ከዚያም ዘመዱ ያልተማረውን ሙያ ስላልሠራ እንቀየመዋለን።

ለምን አሁን?

ነገሩ ድሮም ነበር። አሁን የባሰበት ምክንያት አለው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው እያናረ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት አይታሰብም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቮልስ፣ ያለችው ዲኤክስ፣ ያለችው ፊያት ያው ያለችው ናት፤ በየዓመቱ አንዳንዷ ትሞታለች እንጂ አትጨምርም። በሌላ በኩል ዶላር የያዘው ገዢ በብር የተጻፈውን ዋጋ አይቶ «ርካሽ ነው» ይላል። ዕቃው እያነሰ፣ የገዢው ኪስ እየሰፋ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ሻጭ ስለ መኪናዋ እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት የለውም። እሱ ቢናገርም ባይናገርም የሚገዛ ሰው አለ።

ቮልስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትዝታ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው መኪና ነበረች። ከኋላ መቀመጫ ላይ አራት ሆነን ትምህርት ቤት የተመላለስንባት፣ ለሠርግ የተዋስናት፣ ዳገት ላይ የገፋናት መኪና ናት። ደላላው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። «ንጹህ፣ ቦሎ የታደሰ፣ ኦሪጅናል፣ አንድ ሰው እጅ የቆየች፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ሲጽፍ ፎቶዋን ከጃካራንዳ ዛፍ ሥር አቁሞ የሚያነሳት በአጋጣሚ አይደለም። የሚሸጥላችሁ ብረት ብቻ አይደለም፤ የአባታችሁንም ወጣትነት ነው። አባቱን የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም።

የአጎት ልጅ ምን ያያል?

ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል። ደላላው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል። መኪናዋ ታጥባለች፤ ሞተሯ ቀድሞ ተነስቶ ሞቋል። ማኪያቶ ይጋበዛል። ዙሪያዋን ይዞራል፣ ጎማዋን በእግሩ ይመታል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ሠፈሩን አንዴ ዞሮባት ይመለሳል። ከዚያ ቪዲዮ ቀርጾ ይልክላችኋል፦ «ቆንጆ ናት!»

አልዋሸም። ቆንጆ ናት። እናንተም የጠየቃችሁት «እንዴት ናት?» ብላችሁ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ «ቆንጆ ናት» ሙሉ መልስ ነው።

የአጎት ልጅ «ተዋት» ለማለት የሚከብደው ሦስት ነገር ስላለበት ነው። አንደኛ፣ ሙያው አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር ስለ ቮልስ ወለል የሚያውቀው እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ይሉኝታ። ማኪያቶ ጋብዞት ሁለት ሰዓት ሙሉ «ወንድሜ» ሲለው በዋለ ሰው ፊት ንጹህ ሱሪውን ለብሶ መኪና ሥር መግባት፣ ማግኔት አውጥቶ ላሜራ መለካት፣ «ይቺ ስቱኮ ናት» ማለት ይከብደዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ እናንተ ራሳችሁ አፉን ዘግታችሁታል። ገና ሳይሄድ «የአባዬ ዓይነት ናት፣ ቀለሟ ራሱ አንድ ነው» ብላችሁታል። ከዚያ ወዲያ «አትሆንም» ቢል የመኪና ጉድለት ነገራችሁ አይባልም፤ ደስታችሁን አፈረሰባችሁ ነው የሚባለው። ማን ወንድሙ ላይ ያን ያደርጋል?

ደላላው ሽያጩ ካልተሳካ አይከፈለውም፤ ሻጩ ካልተሸጠ ገንዘብ አያገኝም፤ ዘመዳችሁ «አትግዙ» ካለ ይታፈርበታል። እናንተም ወድዳችኋታል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ «አይሆንም» በማለቱ የማይጎዳ አንድም ሰው የለም። ሥራው ማየት ብቻ የሆነ፣ ተገዛችም ተተወችም እኩል የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

መካኒክ ምን ያያል?

ቮልስ ቀላል መኪና ናት ይባላል፤ እውነት ነው። 1938 እ.ኤ.አ. ተጀምራ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች። ይህን ያህል የተሠራች መኪና መለዋወጫ አያጣላትም። ሶማሌ ተራ ቢታጣ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል። ሞተሯም በአራት ብሎን የተያዘ ነው፤ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይሰቀላል። ስለዚህ ሞተር ጨሰ ብሎ የሚሸሽ ገዢ ይሸሽ ከሚገባው ነገር አይደለም የሸሸው። ልብ የሚሰብረው የሥር ብረቱ ነው።

በሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሣጥን መሰል ብረቶች አሉ። የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ አካሏም ከወለሉ ጋር የሚታሠረው በእነሱ በኩል ነው። እነዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ። ከውጭ ተስተካክለው፣ ተለስነው፣ ተቀብተው ታያላችሁ፤ በጠመንጃ መፍቻ ጫና ስታሳርፉባቸው ግን ይሰምጣሉ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ ለሃምሳ ዓመት የፈሰሰ አሲድ ያን ወለል በልቶት ሊሆን ይችላል። መቀመጫውን አንስቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የትኛው የአጎት ልጅ ነው መቀመጫ አንሥቶ ያየላችሁ?

የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ስኮርታው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ማየት፤ ፊት ለፊት ተጋጭታ ከነበረ ላሜራው እዚያ ተሸብሽቦ ይገኛል። ከኋላ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ በእጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ወዲህ ወዲያ የሚል ከሆነ የሞተሩ ዋና ዘንግ ማረፊያው ተበልቷል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደር አለበት፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ፓራፋንጎና በሮች ላይ ማግኔት ማሳረፍ፤ ስቱኮ ማግኔት አይዝም።

አንድ ሌላ ነገር። ማስታወቂያው «የ62 ሞዴል» ይላል። በማን አቆጣጠር? 1962 በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1969 ወይም 1970 ናት፤ በፈረንጅ ከሆነ ሌላ መኪና ናት። መልኳም ይናገራል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የፊት መብራታቸው ከፓራፋንጎው ጋር ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ኦሪጅናል የ1962 እ.ኤ.አ.» ተብላ ቀጥ ያለ መብራት ከተገጠመላት ወይ ዓመቱ ልክ አይደለም፣ ወይ ፓራፋንጎዋ የሌላ መኪና ነው። ይህን ለማየት እንኳ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎቶው ላይ ነው ያለው። በትዝታ ስናይ ግን አናየውም።

ወረቀቷስ?

መካኒኩ ያየው ብረት ካለቀ በኋላ ወረቀት ይቀራል፤ አሮጌ መኪና ላይ ከብረቱ የሚብሰው ወረቀቱ ነው።

ብዙ አሮጌ መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ አልፏል። የመጀመሪያው ባለቤት ሸጠው ውክልና ሰጡ፤ የተወከለው ሰው ለሌላ ሰጠ፤ ያኛውም እንዲሁ። ስም ማዞር ወጪ ስላለው ማንም አላዞረም። ሊብሬው ላይ ዛሬም ያሉት በንጉሡ ዘመን የገዙት ሰውዬ ናቸው። በሕይወት አሉ? በሕጋችን በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ያኔ መኪናዋ የወራሾች ናት። ወራሾቹ ደግሞ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ እንደ እናንተው ውጭ አገር ናቸው፤ ስለዚያች ቮልስ ሰምተውም አያውቁ ይሆናል። እናንተ ገንዘብ ከፍላችኋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የሻንሲ ቁጥሯ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ መሐል ላይ በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሯ ሞተሩ ላይ፣ ከጄነሬተሩ ሥር አለ። ሁለቱም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለባቸው። ሞተሯ ተቀይሮ ካልተመዘገበ፣ ወይም ሁለት ቮልሶች ተቆርጠው አንድ ሆነው ከሆነ፣ ስም ለማዞር ስትሄዱ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ ደላላው ስልክ አያነሳም።

ሕጉስ አይጠብቀኝም? ይጠብቃችኋል፤ ግን የሚጠብቀው ዓይኑን የገለጠ ሰው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ማንም ሊያየው የሚችለውን ጉድለት ሳያይ ተቀብሎ ኋላ ልካስ ለሚል ሰው ሕጉ ጆሮ የለውም። ዘመዳችሁን በውክልና ልካችሁ ሲረከብ ደግሞ የተረከባችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ሳያይ የፈረመውን እናንተ ሳታዩ ፈርማችኋል። ከስምንት ወር በኋላ ለበዓል መጥታችሁ ወለሉን ብታዩት መርፌ ከጠፋ በኋላ ነው።

ቀብድም እንዲሁ። «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፣ ቀብድ ጣል» የምትባለዋን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሕጉ ቀብድ የከፈለ ሰው ራሱ ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። እናንተን የሚያስቸኩሏችሁ ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሳታስመረምሩ ቀብድ ከጣላችሁ፣ ምርመራው መጥፎ ውጤት ቢያመጣ እንኳ ለመተው ገንዘብ ትከፍላላችሁ።

«ታዲያ ዘመዴን ካላመንኩ ማንን ልመን?»

ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ሁሌም ይመጣል። ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። ወንድማችሁን ማመን ማለት ገንዘባችሁን አይበላም ማለት ነው። ስለ ዝገት ያውቃል ማለት አይደለም። ወንድማችሁን ስለምታምኑት ጥርሳችሁን እንዲነቅልላችሁ አትጠይቁትም። እኔ በዘመድ ላይ እምነት ይጥፋ አላልኩም። የማይችለውን እየጫናችሁ እምነቱን አታበላሹት ነው የምለው። በአንዲት ቮልስ ምክንያት ለዓመታት «ሰላም» የማይባባሉ ወንድማማቾችን አውቃለሁ። አንዱ «አምኜህ ላክሁ» ይላል፤ ሌላው «ለፍቼልህ ሰደብከኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለአንድ መካኒክ የአንድ ቀን ድካም ቢከፈል ኖሮ ሁለቱም ዛሬ አንድ ማዕድ ላይ ነበሩ።

ሁለተኛው መልስ፦ «መካኒኩስ ከደላላው ጋር ተሻርኮ ቢሆንስ?» ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መፍትሔው ግን መካኒክ መተው አይደለም፤ መካኒኩን ራሳችሁ መምረጥ ነው። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው። ሻጩ «እኔ የማውቀው ጋራዥ አለ» ካለም ያ የሻጩ ነው። መኪናዋ ያለችው ጎፋ ከሆነ መካኒኩን ከሌላ ሠፈር አምጡ። ክፍያው መኪናዋ ተገዛችም ተተወችም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከዋጋው ላይ በመቶኛ አይታሰብ። «መኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም፣ እዚሁ እዩዋት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ምርመራው አልቋል። ውጤቱን ነግሯችኋል።

ሦስተኛው፦ «ወጪ ነው።» እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። መኪናዋ 1 ሚሊዮን ብር ብትባል የደላላው 2 በመቶ 20,000 ብር ነው። ያን ለሁለት ስልክ ጥሪና ለአንድ ማኪያቶ ትከፍላላችሁ፤ ማንም አያጉረመርምም። የዚያን ሩብ ለሚመረምርላችሁ ሰው ክፈሉ ሲባል ነው ወጪ የሚታያችሁ። ወለል አስቆርጦ ማስበየድ፣ የበር ሥሩን ብረት ማስቀየር፣ እንደገና ማስቀባት ምን ያህል እንደሚፈጅ አንድ ባትላሜራ ጠይቁና ተመለሱ።

አራተኛው ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፦ «እዚህ ሰው በየቀኑ በኢንተርኔት ጨረታ አሮጌ መኪና ሳያይ ይገዛ የለም?» ይገዛል። እንዴት እንደሚገዛ ግን ተመልከቱ። ብሪንግ ኤ ትሬለርን በመሰለ ጨረታ ላይ ለአንድ መኪና ከመቶ በላይ ፎቶ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ ከሥር የተነሳ፣ የዝገቱ፣ የጥገና ደረሰኙ ሳይቀር። ተከታታዮቹ በአስተያየት መስጫው ሻጩን ያፋጥጡታል፤ «ቁጥሩን አሳይ» ይሉታል። የሚጠነቀቀው ገዢም ከመጫረቱ በፊት መርማሪ ከፍሎ ይልካል። ይህ ሁሉ የሆነው ሕጉ ለገዢው አዝኖለት አይደለም፤ እዚያም አሮጌ መኪና የሚሸጠው «እንዳለ ነው፣ በኋላ ጥያቄ የለም» ተብሎ ነው። ገዢዎቹ ራሳቸው የመመርመር ልማድ አበጁ፤ ሻጮቹም ለመዱት። እኛ ከእነሱ የወሰድነው ሳያዩ መግዛቱን ብቻ ነው።

የሚጎዳው ማን ነው?

«ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ቢከስር ምን አገባህ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ያገባኛል።

ሁለት ባለጋራዦችን አስቡ። አንዱ ቮልስ ገዝቶ አካሏን ከወለሏ ለይቶ አነሣ። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ፣ ውስጡን ፀረ ዝገት ቀባ፤ ወራት ፈጀበት። ሌላው በበሰበሰው ላይ ስቱኮ ለሰነ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም ነፋ፣ ፓራውልቱን ኒኬል አስነከረ፤ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ሁለቱን መኪኖች ፎቶ አንሥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አይለዩም። እንዲያውም የሁለተኛው ታበራለች።

ፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው ለመጀመሪያው ሥራ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፤ አላየውማ። ስለዚህ ሐቀኛው ሰው በቀጣዩ ዓመት ወይ እንደ ጎረቤቱ ስቱኮ ይለስናል፣ ወይ ሥራውን ይተዋል። ሳያስመረምር የገዛ እያንዳንዱ ሰው ገበያውን እንዲህ እያለ ነው የሚያስተምረው፦ ብረት አትሥሩ፣ ቀለም ይበቃል። መኪኖቹ ደግሞ የሚተኩ አይደሉም። በስቱኮ ሥር ሦስት ክረምት ያሳለፈች ቮልስ አራተኛውን አታልፍም። እንግዲህ የአባቶቻችንን መኪና እንወዳለን እያልን እየጨረስናት ያለነው እኛው ነን።

መካኒኮቻችንም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። አንድ ሰው «መኪና አይተህ ንገረኝ፣ ስንት ልክፈልህ?» ሲል «የመሰለህን» ትላላችሁ። የመሰለው ደግሞ የሻይ ነው። የሻይ የተከፈለው ሰው የሻይ ያህል ያያል። ዓይናችሁ የሃያ ዓመት ሙያ ነው፤ ዋጋ አውጡለት። ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ፣ ስማችሁን አኑሩበት። ያን ጊዜ ፍራንክፈርት ያለው ሰው የሚደውለው ለአጎቱ ልጅ መሆኑ ይቀርና ለእናንተ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ረጅም ዝርዝር አልሰጥም። አራት ነገር ይበቃል።

አንድ። ራሳችሁ የመረጣችሁት መካኒክ፣ ክፍያው ቀድሞ የታወቀ፣ መኪናዋን አንሥቶ ሥሯን ያያል። ሞተሩን ቀዝቃዛ እንደሆነ ያስነሳል፤ መቀመጫውን አንሥቶ ቁጥሮቹን ፎቶ ያነሳል፤ ያየውን ይጽፋል። ከዚህ በፊት ቀብድ የለም።

ሁለት። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑ ይረጋገጥ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖራቸው ይጣራ፤ የሉም ከተባለ ከወራሾች ጋር እንጂ ከማንም ጋር አትነጋገሩ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗም ይጣራ።

ሦስት። ከኤምባሲ ለዘመዳችሁ የምትልኩት ውክልና ልዩ ይሁን፦ የሻንሲ ቁጥሯ የተጻፈበት፣ ለዚህች መኪና ግዢ ብቻ። ገንዘቡም ውል በሚፈረምበት ቀን በሲፒኦ ይከፈል፤ ቀደም ብሎ ማንም ሒሳብ ውስጥ አይግባ።

አራት። የአጎት ልጅ ሥራ አለው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። መካኒኩን ይዞ ይሂድ፣ ክፍያውን ያድርስ፣ ውሉን ይፈርም፣ መኪናዋን ተረክቦ ግቢ ያስገባ፤ በየሳምንቱም አስነስቶ ይንዳት። ይህ የዘመድ ሥራ ነው፤ ያውቅበታልም። «ጥሩ ናት ወይስ መጥፎ?» የሚለውን ግን አትጠይቁት።

እስከዚያው ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም ማድረግ የምንችለው አንድ ቀላል ነገር አለ። የሚቀጥለው «ንጹህ፣ ኦሪጅናል፣ ዋጋ በውስጥ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ከሥሩ «ዋው»ና ልብ ከመደርደራችን በፊት፣ «ዋጋዋ ስንት ነው?» ከማለታችንም በፊት፣ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ «የኋላ መቀመጫውን አንሡና ወለሉን ፎቶ ልቀቁልን።» አንድ ሰው ቢጽፈው ይሰርዙታል። መቶ ሰው ከጻፈው ግን መቀመጫው ይነሳል።